ቡናው ይጎንደል እንጂ አይነቀል

የዛሬው ደብዳቤ ከዚሁ ከጅማ ነው። ረጅም ስለነበር አሳጥሬዋለሁ፣ የጸሐፊዋንም ስም ትቼዋለሁ።

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? 24 ዓመቴ ነው። ስድስት ወር የሚቆይ የቴአትርና የፊልም ጽሑፍ ሥልጠና ገብቼ አሁን ሦስተኛው ወር ላይ ነን። አሥራ ሁለት ሠልጣኞች ነን። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ እንገናኛለን፣ አሠልጣኞቹ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፣ በመሀል ያለውን በቴሌግራም እንጨርሳለን። የኔ ተውኔት ቡናውን ነቅሎ ጫት ሊተክል ስለወሰነ አባትና እምቢ ስላለች ልጁ ነው። 94 ገጽ ነው፣ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ባለፈው ቅዳሜ ከተነበበ በኋላ ዋናው አሠልጣኝ ‹ሰዎችሽ ይሰብካሉ፣ ወደ 60 ገጽ አውርጂው› አለኝ። ሌላዋ አሠልጣኝ ደግሞ ‹ይሄ ፊልም ነው እንጂ ቴአትር አይደለም› አለች። ገጸ ባሕርያቱ እንደኛ አገር ሰው ኦሮምኛና አማርኛ ቀላቅለው ነው የሚያወሩት፣ እሱንም አጥሪው ተባልኩ። በዚህ ላይ አብሮኝ የሚሠለጥን አንድ ልጅ የኔን ከሰማ በኋላ ስለ ጫት የሚያወራ ታሪክ ይዞ መጣ። ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ልተወው ይሆን? አንድ ትዕይንት አያይዤ ልኬልዎታለሁ።»

እህቴ፣ ትዕይንቱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለዚህ ማጽናናቱን ልዝለለውና በቀጥታ ልንገርሽ፤ አሠልጣኙ ልክ ነው። ሰዎችሽ ይሰብካሉ። ግን አትተዪውም። ለምን እንደማትተዪው ለማስረዳት መጀመሪያ ሌሎች አንባቢዎች የምናወራውን ነገር እንዲያዩት ከትዕይንቱ ትንሽ ልቆንጥር። ፈቅደሻል ብዬ ነው፣ ካልፈቀድሽ ቡና እጋብዝሻለሁ።

ሀያት፦ አባዬ፣ ይህ ቡና አያቴ በላቡ የተከለው፣ እኔንም ያስተማረኝ፣ የቤተሰባችን ማንነት ነው! በጫት ልትተካው አይገባህም!
አባ ነጋ፦ ልጄ ሆይ፣ የቡና ዋጋ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ እንደሚል ታውቂያለሽ። ጫት ግን በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ይቆረጣል። የወንድምሽ የሕክምና ዕዳም አለብኝ።
ሀያት፦ ገንዘብ ሁሉም ነገር አይደለም!

ሁለቱም የሚሉት እውነት ነው። ችግሩም እዚያ ላይ ነው። አባትና ልጅ አይመስሉም፣ ወረዳ ስብሰባ ላይ ተራ የደረሳቸው ሁለት ተናጋሪዎች ናቸው። አንድ ቤት የኖሩ ሰዎች ሁለቱም የሚያውቁትን ነገር ቁጭ ብለው አይተራረኩም። ቡናውን አያቷ እንደተከሉት ሀያት ለአባ ነጋ ትነግረዋለች። ኧረ አባቱ እኮ ናቸው! ይህን የምትነግሪው ለእሱ ሳይሆን ወንበር ላይ ለተቀመጠው ተመልካች ነው፣ ተመልካቹ ደግሞ ወዲያው ያውቅብሻል።

ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም። እኛ ከአዲስ አበባ ውጭ ያደግን ሰዎች ቴአትርን የት ተማርን? ትምህርት ቤት ክበብ ውስጥ ነው። ፀረ ኤድስ ክበብ፣ የሥርዓተ ፆታ ክበብ፣ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ። የወላጆች ቀን ሲደርስ አሥር ደቂቃ ይሰጠናል፣ በአሥረኛዋ ደቂቃ አንዱ ወደ ሕዝቡ ይዞርና «ስለዚህ ወገኖቼ...» ይላል፣ ጭብጨባ፣ አለቀ። እኔ ራሴ ስንት «ስለዚህ ወገኖቼ» ጽፌያለሁ መሰለሽ። በኋላም ድራማ የሚያጽፉን ድርጅቶች መጡና መልእክቱን በነጥብ በነጥብ ዘርዝረው ሰጡን፣ አንዷ ነጥብ በሰው አፍ ሳትነገር ከቀረች ክፍያ የለም። እጃችን የተፈታው እንዲህ ነው። አሁን ያ እጅ እንደገና መታሰር አለበት፣ ሥልጠናው ከጠቀመሽም የሚጠቅምሽ ለዚህ ነው።

የሚገርመው ደግሞ አገራችን ነገርን ሸፍኖ በመናገር የምትታማ አገር መሆኗ ነው። «ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም» እያለ ያደገ ሕዝብ መድረክ ላይ ሲወጣ ሥጋውን መትሮ፣ አኝኮ ያጎርሳል።

እስቲ ያንኑ ትዕይንት እንዲህ ሞክሪው። ሀያት ቡና እያፈላች ነው። አንድ ጎረቤት መጥቷል። እንደ ደንቡ የመጀመሪያው ሲኒ ለአባ ነጋ ነው የሚሰጠው፣ ቤቱ የሱ ነው፣ በዕድሜም ይበልጣል። ሀያት የመጀመሪያውን ሲኒ ታነሳና አባቷን አልፋ ለጎረቤቱ ትሰጣለች። ጎረቤቱ ሲኒውን ይዞ ይቀራል። ይጠጣ? ያሳልፍ?

አባ ነጋ፦ ጠጣ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል።
ጎረቤት፦ ኧረ እርስዎ ይቅደሙ።
አባ ነጋ፦ የጓሮ ነው፣ የዘንድሮው። ደህና አድርገህ አጣጥመው።
ሀያት፦ (ጀበናውን እያስቀመጠች) አዎ፣ ያጣጥሙት። ለከርሞ ከገበያ ነው የምንገዛው።

ጫት የሚል ቃል የለም። ማንነት የሚል ቃል የለም። አያት የለም፣ ዕዳ የለም። ጅማ የተቀመጠ ተመልካች ግን ሲኒው አባትየውን አልፎ ሲሄድ ትንፋሹን ይይዛል፣ ምክንያቱም እሱም ቤት ቢሆን ያ ነገር ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። የኔን ቃል በቃል ውሰጂ እያልኩሽ አይደለም፣ ካንቺ የተሻለ ሀያትን የሚያውቃት የለም። ሰው ከመናገሩ በፊት እጁ ምን እየሠራ እንደሆነ ጠይቂ ነው የምልሽ።

(በነገራችን ላይ «የተውኔት ሦስቱ ገቢሮች (ሦስቱ ዋና ክፍሎቹ) እንደ አቦል፣ ቶናና በረካ ናቸው» የሚልሽ ሰው ካጋጠመሽ ፈገግ ብለሽ እለፊው። በረካው የሚቀጥነው ምን ሊሆን ነው ታዲያ?)

ሌላም ነገር አለ፤ ይሄ ከማንም አሠልጣኝ ላትሰሚው ትችያለሽ። ሀያት አባቷን «አንተ» ነው የምትለው። በብዙ ቤት «አንተ» የፍቅር ነው፣ ክፋት የለውም። ነገር ግን አባ ነጋን የመሰለ ሰው ቤት «እርስዎ» ቢባልስ? ኦሮምኛውም «አቲ» እና «ኢሲን» ብሎ ለይቶ ሰጥቶሻል። ልጅቷ ገጽ በገጽ «ይቀመጡ፣ ይብሉ፣ ይጠጡ» ስትል ትቆይና አንድ ቦታ ላይ፣ ተናዳ እንኳን ሳይሆን ደክሟት፣ «ተወው በቃ» ትበል። «ይተዉት» ሳይሆን «ተወው»። መጮህ አያስፈልጋትም፣ ቤቱ ፈርሷል። ይህችን መሣሪያ የሌላቸው ቋንቋዎች ጸሐፊዎች በር ማስወርወር፣ ሳህን ማስሰበር አለባቸው። አንቺ በአንዲት ግስ ትጨርሻለሽ። ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሠራው። ሁለቴ ከተጠቀምሽበት ስድብ ብቻ ይሆናል።

እኔ ይህ ነገር የገባኝ በዝናብ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ሐምሌ ላይ፣ እዚሁ ጅማ፣ ቆርቆሮ ክዳን ያለው አዳራሽ ውስጥ ተውኔቴን አሳየን። የጅማን ክረምት ታውቂዋለሽ፣ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ቴአትሩ በተጀመረ በሃያኛው ደቂቃ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። ተዋናዮቹ ይጮኻሉ፣ የኔ የተዋቡ ዓረፍተ ነገሮች፣ ስንት ሌሊት ያደርኩባቸው፣ አንድም አይሰማም። ከኋላ ቆሜ ላቤ ይንቆረቆራል። ሰዉ ግን አልወጣም። አንዲት እናት የልጇን ሻንጣ ከፍታ ልብሱን አንድ በአንድ የምታወጣበት፣ ማንም የማይናገርበት አጭር ትዕይንት ነበረች፣ አዘጋጁ ነው ያስገባት፣ እኔ አልወደድኳትም ነበር። ሲያልቅ ሰው ሁሉ ያወራልኝ ስለዚያች ሻንጣ ነው። በጣም ነው የተናደድኩት። ወር ያህል ቆይቶ ነው ንዴቱ ወደ ትምህርት የተለወጠልኝ። ከዚያ ወዲህ ስጽፍ አሁን ዝናብ ቢመጣ ምን ይተርፋል እላለሁ። ያንቺን 94 ገጽ እንደዚያ እያልሽ አንብቢው።

አሁን ወደ 60 ገጹ። «አውርጂው» ሲሉሽ «ንቀዪው» ያሉሽ መስሎሻል። አንቺ የቡና ቤተሰብ ልጅ ነሽ (ከጽሑፍሽ ያስታውቃል፣ ካልሆንሽ ደግሞ ጎበዝ ነሽ) ስለዚህ ጉንደላን ታውቂያለሽ። ያረጀ ቡና ፍሬ ሲያንሰው ከሥሩ አይነቀልም። ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ይተውና ውኃ እንዳያቁርበት በሰያፍ ይቆረጣል። ያየው ሰው ሞተ ይላል። ከዚያ ያቆጠቁጣል፣ ቅርንጫፉ ይበዛል፣ ገበሬው ደግሞ ሁሉንም አያሳድግም፣ ሁለት ሦስቱን ጠንካራ ለይቶ ሌላውን ይመለምላል። ሥሩ ግን ያው የድሮው ሥር ነው። ያንቺም የሁለት ዓመት ሥራ ሥሩ ውስጥ አለ፣ የትም አይሄድም። አባ ነጋ ሌሊት የሚያስበውን ታውቂያለሽ፣ ሀያት የት ትምህርቷን እንዳቋረጠች ታውቂያለሽ። ያንን ለማወቅ 94 ገጽ መጻፍ ነበረብሽ። ተመልካቹ ግን ያንን ሁሉ መስማት የለበትም።

እንዲያውም ጉንደላን ተውኔቱ ውስጥ ለምን አታስገቢውም? ሀያት «አንነቅለውም፣ እንጎንድለው» ብትል አባትየው «እስኪያፈራ ሁለት ሦስት ዓመት ማን ያበላኛል?» ማለቱ አይቀርም። ይሄ እውነተኛ ጥያቄ ነው፣ ማንነት ምናምን ከሚለው ይበልጥ ያፋጥጣል። አሁን ባለው ጽሑፍሽ አባ ነጋ ገና ሲገባ ተሸንፎ ነው የሚገባው፣ ልጅቷ ልክ ናት፣ እሱ ተሳስቷል፣ አበቃ። ለእሱ ደግሞ ከሀያት የበለጠ ጥሩ ምክንያት ስጪው። ተመልካቹ ወደ ቤቱ ሲሄድ መንገድ ላይ ከሚስቱ ጋር ይጣላ።

ልብ አላልሽ ይሆናል እንጂ ሁለቱ አሠልጣኞች የተናገሩት አንድ ነገር ነው። አንዱ «ይሰብካሉ» አለ፣ ሌላዋ «ፊልም ነው» አለች፣ እሷም ማየት አምሯት ነው። የሚያመውን ቦታ ሁለቱም አንድ ቦታ ላይ ነክተውታል። መድኃኒቱ ላይ ግን እሷን አልከተልም። ታሪክሽ ያለው ማሳው ላይ አይደለም፣ አንድ ቤት ውስጥ ነው፣ ማንም ከዚያ ቤት አይወጣም፣ ይሄ ቴአትር ነው። ደግሞም ቡናው መድረክ ላይ ሲቆላ ሽታው አዳራሹን ይሞላል። የትኛው ካሜራ ነው ይህን የሚችለው? ፊልም ከፈለግሽ በኋላ ሌላ ጽሑፍ ትጽፊያለሽ፣ ያኔ ደግሞ «አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ነው» ይሉሻል። ያ ግምት ኩሪየር በሚባለው የኮምፒውተር ፊደል ቅርጽ፣ በ12 ነጥብ መጠን፣ በእንግሊዝኛ ለሚጻፍ ስክሪፕት የወጣ ነው። የኛ ፊደልም ቃልም ስፋቱ ሌላ ነው፣ ስለዚህ ገጽ አትቁጠሪ፣ ስልክሽ ላይ ሰዓት ከፍተሽ ጮክ ብለሽ እያነበብሽ ለኪው።

ቋንቋውን «አጥሪው» ያሉሽ ነገር ላይ ግን እኔ ካንቺ ጋር ነኝ። ጅማ ውስጥ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ቋንቋ ይረግጣል። ሂርማታ ገበያ ላይ ዋጋውን በአማርኛ ሲከራከር ቆይቶ «ቶሌ» ብሎ የሚያስረክብሽን ነጋዴ ያላየ የለም። ዳውሮውም፣ የሙም፣ ከፋውም የየራሱን ቃል ጠብ ያደርግበታል። ይህን አጥበሽ ብታወጪው አባ ነጋ የማን አገር ሰው ነው የሚሆነው? ጸጋዬ ገብረ መድኅን ከአምቦ አጠገብ ከቦዳ ወጥቶ ለንደን ሮያል ኮርት፣ ፓሪስ ኮሜዲ ፍራንሴዝ ድረስ ሄዶ ቴአትር ተምሯል። ሲመለስ የሁለቱንም አገር ሰው አልመሰለም፣ ኦሮምኛና አማርኛ እየሰማ ያደገበት ጆሮ እንዳለ ነበር፣ አማርኛውም የማንንም የማይመስለው ለዚህ ነው። ሠልጥኖ ራሱን ያጣ ሰው አለ፣ አልክድም፣ ግን ሥልጠናው በራሱ አያጠፋሽም።

ነገር ግን አሠልጣኙን የረበሸው ምን እንደሆነ ጠይቂው። እኔ ካየሁት ትዕይንት እንኳ ቅይጡ ዝም ብሎ ነው የሚመጣው፣ እንደ በርበሬ የተነሰነሰ ነው። አባ ነጋ መቼ ነው ወደ ኦሮምኛ የሚገባው? ሲያባብል? ሲቆጣ? የሞተችው ሚስቱ ስትነሳ? ወስኚና ያዢው። ከዚያ በኋላ ኦሮምኛ የማይሰማ ተመልካች እንኳ ቃሉን ባያውቅ ሽማግሌው ወዴት እንደገባ ያውቃል። ምክንያቱን ይዘሽ ከሄድሽ አሠልጣኙ የሚከራከርሽ አይመስለኝም፣ ከተከራከረሽም ተከራከሪው፣ ለዚህ ነው የሚመጣው።

ስለ ልጁ። ጅማ ተቀምጦ ስለ ጫትና ቡና የሚጽፍ ሰው ሁለት ብቻ ከሆነ ነው እኔን የሚገርመኝ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ሐሳብን አይጠብቅም፣ የሚጠብቀው የጻፍሽበትን መንገድ ነው፣ እሱንም ከጻፍሽው ሰዓት ጀምሮ፣ ባታስመዘግቢም። ስለዚህ እሱ ያንቺን ምልልስ ካልገለበጠ ተይው፣ እንዲያውም የሱን አንብቢለት። እያንዳንዱን ረቂቅ ግን ቀን እየጻፍሽ ለራስሽ በኢሜይል ላኪ፣ ገንዘብ አያስወጣሽም፣ ጥቅም ግን አለው። ከልጁ ይልቅ የሥልጠናውን ውል ፈልገሽ አንብቢ። በዚያው አዋጅ ተቀጥረሽ ወይም ታዘሽ የጻፍሽው ሥራ ሌላ ስምምነት ከሌለ የአሠሪው ነው የሚሆነው። ያንቺ ቀድሞ የተጻፈ ስለሆነ ሌላ ነው፣ ቢሆንም የፈረምሽው ወረቀት ምን እንደሚል እወቂ። እኔ ስሙን የማልጠራው አንድ ድርጅት አስጽፎኝ በየትምህርት ቤቱ ሲዞር የነበረ ድራማ ፖስተሩ ላይ የሾፌሩ ስም ነበረ፣ የኔ አልነበረም። ውሉን ሳላነብ ነው የፈረምኩት። ለማን አቤት ይባላል?

ስለ ማልቀሱ ምንም አልልም፣ ሁላችንም ቤት ገብተን ነው የምናለቅሰው። ግን ሦስት ወር ቀርቶሻል፣ አሥራ አንድ ሰው ደግሞ ያንቺን ቃል ጮክ ብሎ ሊያነብልሽ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ በነፃ ይቀመጣል። ሥልጠናው ሲያልቅ ሰርተፊኬቱ መሳቢያ ውስጥ ይገባል፣ እነዚያን አሥራ አንድ ሰዎች ግን እንደገና ለመሰብሰብ ሻይ ቤት ለሻይ ቤት ስትለምኚ ትኖሪያለሽ። እኔን ያየ ይቀጣ።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ 60 ገጽ አይደርስልሽም፣ አትሞክሪው። ይቺን አንዷን የቡና ትዕይንት ብቻ እንደ አዲስ ጻፊ፣ ሁለት ገጽ፣ አባ ነጋና ሀያት ስለ ማሳው አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ። አንቺ አታንብቢ፣ ለሌሎቹ ስጪያቸው። ሲያነቡ ወረቀቱን አትዪ፣ ፊታቸውን እዪ፣ አንባቢው የትኛዋ ዓረፍተ ነገር ላይ እንደሚደናቀፍ፣ ማን ስልኩን እንደሚያነሳ ምልክት አድርጊ። ያንን የጫቱን ልጅ ጎረቤት አድርጊው።

ከዚያ ጻፊልኝ። ጎረቤቱ ሲኒውን ጠጣው ወይስ ለአባ ነጋ አሳለፈው? እኔ እስካሁን መወሰን አቅቶኛል።